የመስኮቴ ቲማቲሞችና ጀሚላ

ድሬዳዋ ላይ ሙቀቱ ሲጠና አልጋ ከቤት ይወጣል። ሰው ሁሉ ግቢ ነው የሚተኛው። እንግዳ ሲያየን ቤት የምንለቅ ይመስለዋል፤ እኛ ግን ለምደነዋል። ዘንድሮ ታዲያ አልጋዬንም ልጄንም አውጥቼ ቤቱን ለማን እንደተውኩት ብትጠይቁኝ፣ ለቲማቲም ችግኝ ነው። ሰው ውጭ፣ ቲማቲም ቤት። ይሄ ለሰው ይነገራል?

እንዴት እንደመጣ ልንገራችሁ። የሴቶች ማኅበር ስብሰባ ላይ ጓድ አስካለ የሚባሉት የቀበሌያችን ተጠሪ ተነሱና፣ እያንዳንዱ ቤት አትክልት መትከል አለበት፣ እኔም ዞሬ አያለሁ አሉ። ያልተከለ ሰው ምን እንደሚሆን አልተናገሩም። እኔን ደግሞ የሚያስፈራኝ ያልተነገረው ነው። የተነገረውንማ ሰው ይለምደዋል።

አንድ የበሰለ ቲማቲም ጨምቄ፣ ፍሬውን ጋዜጣ ላይ አድርቄ ከግድግዳው ሥር ዘራሁት። ግማሹን ዶሮ ጫረው፣ የቀረውን ፀሐይ ጠበሰው። የድሬን ፀሐይ ታውቋት የለ? ስለዚህ ሁለተኛውን ዘር ቤት አስገባሁት። ጣሳ ነበረኝ። የገዛ ጡቴ ቶሎ ደርቆብኝ ለልጄ የዱቄት ወተት ገዝተን ነበር። ወተቱን ተፋችው፣ ጣሳዎቹ ቀሩልኝ። ታቻቸውን በምስማር በስቼ፣ አፈር ሞልቼ መስኮቱ ላይ ደረደርኳቸው።

በቀሉ። ጭንቀቴም አብሮ በቀለ። ቀጫጭኖች ናቸው፣ ክር የመሰሉ። ሁሉም ወደ መስኮቱ ያዘነብላሉ፣ በመንገድ የሚያልፍ ዘመድ ያላቸው ይመስል። ጣሳውን አዞረዋለሁ። ከሰዓት በኋላ ሳይ እንደገና ወደ መስኮቱ። ባሌ ባቡር ላይ ነው የሚሠራው፤ ጅቡቲ ደርሶ ሲመለስ ሁልጊዜ ጣሳ ሳዞር ያገኘኛል። እኔንም አንድ ቀን እንዲህ ዞር አድርገሽ እዪኝ እንጂ አለኝ። እንግዳ ሲመጣ ደግሞ የሰው ዓይን እንዳይበላቸው ነጠላ አለብሳቸዋለሁ። አትሳቁብኝ። ልጄንም እንደዚያው ነው ያሳደግኳት።

ይህቺ ልጅ ታዲያ የምትጠጣው አንድ ወተት ብቻ ነው፣ የጀሚላን። ጀሚላ የኤዶ ፋጡማ ፍየል ናት። ኤዶ አንድ ግቢ የምንኖር ጎረቤቴ ናት፤ ኤዶ ማለት በሶማሊኛ አክስት እንደማለት ነው። እናቴ ብትሰማኝ አንቱ በያቸው ትለኝ ነበር። ኤዶ ግን አንቱ ሲሏት ወደ ኋላዋ ዞራ ማን መጣ ትላለች። ማታ ማታ አንድ ኩባያ ወተት ታመጣልናለች። አንድ ጊዜ ዋጋውን ላንሳ ብል፣ “አቦ ተይኝ፣ ልጅቷ ያንቺ ብቻ ናት እንዴ?” አለችኝ። ሁለተኛ አላነሳሁም።

አሁን ችግሬ ገባችሁ? ገና ነው። ቤት ያደገ ችግኝ በአንዴ ፀሐይ ላይ አይጣልም። ጠዋት ጠዋት ለስላሳዋን ፀሐይ እያሞቁ፣ ነፋስ እያስለመዱ፣ መልሶ እያስገቡ ነው፤ ልክ እንደ ጨቅላ። ይህ ይቻላል። መጨረሻ ላይ ግን አፈር ይፈልጋል። ግቢያችን ድንጋይ ነው። አፈርም ጥላም ያለው የኒሟ ዛፍ ሥር ብቻ ነው። እዚያ የምትታሰረው ደግሞ ጀሚላ ናት። ለልጄ ወተት የምትሰጠኝን ሴት፣ ፍየልሽን አንሺልኝ ይባላል?

ልብስ ሳጥብ እለማመደዋለሁ። “ኤዶ፣ ጀሚላን ያ ቦታ አልሰለቻትም?” ይሄ ጥሩ ነው እላለሁ። ፊቷ ስቆም ግን ከአፌ የሚወጣው “ኤዶ፣ ጀሚላ እንዴት አደረች?” ብቻ ነው።

“እሷ ደህና ናት፣” ትለኛለች፣ “አንቺ ነሽ የከሳሽው።”

ጠዋት ጠዋት ጣሳዎቹን በትሪ አውጥቼ እንደ ዘበኛ አጠገባቸው ቁጭ እላለሁ። ጀሚላ ከኒሟ ሥር ሆና ታየኛለች። ፍየል ስታስብ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እያመነዠከች ነው የምታስበው።

አንድ ጠዋት ልጄ ቤት ውስጥ አለቀሰች። ገባሁ፣ አቀፍኳት፣ ወጣሁ። አንዱ ጣሳ ላይ ጉቶ ብቻ ቀርቷል። ለካ ጥላ ፍለጋ ትሪውን ወደ ኒሟ አስጠግቼው ኖሯል። የጀሚላ አፍ ይንቀሳቀሳል።

ለችግኙ ያዘንኩ መሰላችሁ? እኔ ትምህርቴን ያቆምኩት ሰባተኛ ክፍል ላይ ነው። የሳይንስ መምህራችን፣ የቲማቲም ፍሬው ይበላል እንጂ ቅጠሉ መርዝነት አለው ብለው ነበር። ምን ያህሉ? ማንን? እዚያ ሳንደርስ እኔ ተዳርኩ። ይኸው ለዚያን ዕለት የተረፈኝ መርዙ ብቻ ሆነ። ቅጠሉ ወደ ጀሚላ፣ ከጀሚላ ወደ ወተቱ፣ ከወተቱ ወደ ልጄ። ስመላለስበት ዋልኩ።

ማታ ኤዶ ኩባያውን ይዛ መጣች። ተቀበልኳት፣ አመሰገንኩ፣ በሩን ዘጋሁ። ውጭ እንዳልደፋው ግቢው ሁሉ አልጋውን ዘርግቶ ተቀምጧል። ጣሳዎቹ ውስጥ ደፋሁት። በማግሥቱም እንደዚያው። ለልጄ አጥሚት ሠራሁላት። ፊቷን አዞረችና አለቀሰች። ኤዶ ካልጋዋ ላይ ሆና “ወተቷን ጠጣች?” ትላለች። “ጠጣች፣” እላለሁ። ልጅቷ ትጮኻለች። እንዲህ እየጮኸ ራሱን የሚያጋልጥ ውሸት ዋሽታችሁ ታውቃላችሁ?

በሦስተኛው ቀን ኤዶ ሳታንኳኳ ገባች። ልጄን አቀፈቻት፣ ሆዷን ዳሰሰች። ከዚያ ወደ መስኮቱ ሄዳ ነጠላውን ገለጥ አደረገችው። በዚያ ሙቀት ወተት ምን እንደሚሆን ታውቁታላችሁ፤ ሽታው ቀድሞኝ ተናገረ።

“ልጄ፣” አለች ቀስ ብላ፣ “ቲማቲም ወተት ይጠጣል እንዴ?”

በሕይወቴ የዚያን ቀን ያህል አውርቼ አላውቅም። መርዙን፣ መምህሩን፣ ጓድ አስካለን፣ የኒሟን ሥር፣ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ኤዶ አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም። ቁጭ አለችና የራሷን ጀመረች። ለካ እሷም ጣሳዎቹ ከወጡ ጀምሮ ሰላም የላትም። የቀበሌ ቲማቲም ነው፣ ከበላችው ጀሚላን ይወስዱብኛል ብላ በየቀኑ ገመዷን ስታሳጥር ሰንብታለች። ታዲያ ለምን አልጠየቅሽኝም አልኳት።

“ነጠላ አልብሰሻቸዋል። የክርስቲያን ነገር መሰለኝ፣ ስለት ምናምን። እንዴት ብዬ ልጠይቅ?”

“መርዙስ?”

“ወላሂ፣ ይቺ ፍየል የሟች ባሌን ሽርጥ በልታለች። ካርቶን በልታለች። የዚያን ዕለቱን ወተት እኔም ሻይ ላይ አድርጌ ጠጥቻለሁ፣ ይኸው አጠገብሽ ቁጭ ብያለሁ።”

መምህሬ ያልጨረሱልኝን ትምህርት ኤዶ ጨረሰችልኝ። ልጄ ያን ምሽት ኩባያውን በሁለት እጇ ይዛ እስከ ታቹ ጠጣችው። እኔ ግን እስክትነሳ ድረስ ትንፋሿን ማዳመጤን አልተውኩም። ማመን ሌላ፣ መተኛት ሌላ።

ቲማቲሙ ኒሟ ሥር ይተከል ተባለ። ጀሚላስ የት ትሂድ? የኤዶ ቤት እስከ ጣሪያው የንግድ ዕቃ ነው። ግቢው በር ላይ ብትታሰር መንገደኛ ይፈታታል። “ሰውም ውጭ፣ ቲማቲምም ውጭ፣” አለች ኤዶ፣ “ያንቺ ቤት ለምን ሥራ ፈት ይሆናል?” ባሌ ከመንገድ ሲመለስ በሩን ከፈተ፣ ጀሚላን አየ፣ መልሶ ዘጋና ግቢ ተሳስቶ እንደሆነ ዙሪያውን ቃኘ።

ጓድ አስካለም መጡ። ችግኞቹ ቆመዋል። ጀሚላ የቀነጠሰችው ጉቶ ደግሞ ከጎንና ከጎኑ አቆጥቁጦ ከሁሉም ወፍሯል። እሳቸውም እሱ ላይ ቆሙና ይህን በምን አሳደግሽው አሉኝ። ወተቱ ይሁን ፍየሏ እኔም አላውቅም። “በጥንቃቄ ነው፣ ጓድ፣” አልኩ። ኤዶ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች። ይሄኔ ጀሚላ ከመስኮቱ ጮኸች።

“ይሄ ቤት የማን ነው?” አሉ።

“የፍየሏ፣” አለች ኤዶ።

ጓድ አስካለ አልጋዎቹን አዩ፣ መስኮቱን አዩ፣ እኔን አዩኝ። ትንሽ አሰቡና “ጥሩ፣” ብለው ሄዱ። ያ “ጥሩ” ምን ማለት እንደሆነ እስካሁን ያስጨንቀኛል።

ቲማቲሙንስ ተገላገልኩት። አሁን ያስቸገረችኝ ጀሚላ ናት። ቤት ከገባች ወዲህ ቀኑን ሙሉ መስኮቱ ጋ አንገቷን ወደ ብርሃኑ አዘንብላ ነው የምትውለው። ትናንት ደግሞ ትንሽ የቀጠነች መሰለኝ። ጣሳ ብትሆን አዞራት ነበር።