መካኒኩ ቤዝ ሲማር

ጀማሪ አስተምራችሁ የማታውቁ ከሆነ ታጋሽ ነኝ ብላችሁ አትፎክሩ። እኔ የመርሳ ከተማውን መካኒክ፣ ጓደኛዬን ሰይድን ቤዝ ጊታር አስተምሬያለሁ!

በመጀመሪያው ቀን ወፍራሙን ክር ሲያጠብቅ ሲያጠብቅ በጠሰው። ጋራዥ ውስጥ የላላ ነገር ሁሉ ይጠበቃላ! «መንገድ ላይ እንዳይፈታ ብዬ ነው» አለኝ። በማግስቱ ሞተር እንደሚያዳምጥ ሰው ጆሮውን የጊታሩ እንጨት ላይ ለጠፈ። ከዚያ በኋላ ሦስት ወር ሙሉ አንዱን ክር ብቻ ዱም፣ ዱም ሲያደርግ ከረመ። ሰው እንዴት በአንድ ድምፅ ሦስት ወር ይኖራል? እኔ የጣት ሩጫ ላሳየው ስጓጓ፣ እሱ «መጀመሪያ ይቺ ትስተካከል» ይለኛል።

በቀደም ግራና ከተማ አንድ ሠርግ ላይ አብረን ተጫወትን፤ እኔ ሊድ ጊታሬን፣ እሱ ያቺኑ ዱም ዱሙን ይዞ። ጭፈራው ሲደምቅ መብራት ጠፋ። እኔ ወዲያው ጊታሬን አስቀምጬ መብራቱን ማማረር ጀመርኩ። ሠርገኛው ግን በጭብጨባ ቀጠለ። ሰይድም ዓይኑን ጨፍኖ ድምፅ የሌለውን ቤዝ ይመታል።

«ሰይዴ፣ መብራት ጠፍቷል እኮ!» ብለው፣

«ሰዉ መቼ አቆመ?» አለኝ።

መብራቱ ሲመለስ የሰይድ ዱምታ ልክ ጭብጨባው ላይ አረፈች። ዳሱ በእልልታ ተናወጠ፤ የግራና ተራራ ራሱ እስክስታ የወረደ መሰለኝ። እኔ ጊታሬን አንሥቼ ዘፈኑ የት እንደደረሰ ስፈልግ፣ አንድ ሽማግሌ ወደ እኔ እየጠቆሙ ሰይድን ጠየቁት።

«ይሄኛው ልጅስ መቼ ይለምዳል?»

«ይለምዳል አባባ» አላቸው ሰይድ፤ «እኔ ታጋሽ ነኝ።»