ስንት ዩሱፍ ፋራህ አለ?

ስልካችሁ ውስጥ ስንት ፋራህ አለ? የእኔን ቆጥሬዋለሁ፤ አሥራ አንድ። ጅጅጋ ለሚኖር ሰው ይኼ ብዙ አይደለም። መድኃኒት ቤት ያለው ፋራህ፣ ሬዲዮ ላይ የሚያወራው ፋራህ፣ ሽንሌ ወርዳችሁ ሻይ ብትሉ የሚቀዳላችሁም ፋራህ። ዘመዳሞች ናቸው ወይ ብላችሁ እንዳትለፉ። ፋራህ የየአባታቸው ስም ነው፤ አባቶቹ ደግሞ አይተዋወቁም።

ታዲያ በምን ይለያሉ? በቅጽል ስም ነዋ። ሶማሌ ጎረቤቶቻችን እዚህ ላይ ይሉኝታ የሚባል አያውቁም። ረጅም ከሆንክ ዴሬ ነህ፣ ረጅሙ። ካነከስክ ላንጋሬ ነህ፣ አንካሳው። ሰውየው አይቀየምም፤ እንዲያውም ስልክ ሲደውል «ላንጋሬ ነኝ» ብሎ ነው የሚጀምረው። እኔ እዚሁ ተወልጄ፣ ሶማልኛውን እንደ ውኃ እየጠጣሁ አድጌ፣ ይቺን ነገር ግን አፌ እንቢ ይላታል። እኛ ቤት ሰውን አንካሳ ያለ ልጅ በርበሬ ይታጠን ነበር።

የዛሬ ሦስት ዓመት የምሠራበት መሥሪያ ቤት ለከተማው የደከሙ ሰዎችን ላመስግን አለ። ደብዳቤ መጻፉ ለእኔ ለመዝገብ ቤቱ ሰው ደረሰ። ከመምህራን የተመረጡት ማአሊን ዩሱፍ ፋራህ ናቸው። ማአሊን መምህር ማለት ነው። ያንን የማይገባ ክፍልፋይ ጭንቅላቴ ውስጥ ያስገቡልኝ እሳቸው ናቸው። ፀሐይ አይሉ አቧራ፣ በዚያ በሚያነክስ እግራቸው አርባ ዓመት ተመላልሰው አስተማሩ። ጡረታ ሲወጡ «የክፍሉን ቁልፍ ያስረክቡ» ከምትል ወረቀት በቀር የደረሳቸው ነገር የለም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ይቺን ቀን ለእሳቸው አጥብቄ ፈልጌያት ነበር።

ደብዳቤውን ቤት ወስጄ ለባለቤቴ አነበብኩላት። ደገሀቡር ነው ያደገችው፤ የአገሩን ጠባይ ከእኔ ይልቅ ታውቃለች። «ላንጋሬ የሚለውን ጨምርበት» አለች። በመንግሥት ማኅተም ሥር አንካሳ ብዬ ልጻፍ? ሰው ይቅርና ወረቀቱ ያፍራል አልኳት። ፊቴን ትንሽ ቆየት ብላ አየችውና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። «ለክቡር አቶ ዩሱፍ ፋራህ፣ ለረጅም ዘመን አገልግሎትዎ» የሚለውን ደብዳቤ እንዳለ ላክሁት። ስም ዝርዝሩም በመሥሪያ ቤቱ ቴሌግራም ተለቀቀ።

ቀኑ ደረሰ። አዳራሹ በር ላይ ቆሜ እንግዳ ስቀበል፣ ዩሱፍ ፋራህ ዴሬ መጣ። የግመል ደላላ ነው። አዲስ ሽርጥ ለብሶ፣ ቤተሰቡን አስከትሎ። እሱን አስቀምጬ ስዞር ዩሱፍ ፋራህ ዴጎሌ መጣ። ዴጎሌ ደንቆሮው ማለት ነው፤ የእግር ኳስ ዳኛ ነው። ጆሮው ደኅና ነው፣ ግን ተመልካቹ ሲሰድበው አይሰማም። ሁለቱም የረጅም ዘመን አገልግሎት አላቸው፤ ምን ብዬ ልመልሳቸው? የማአሊን ወንበር ግን ባዶ ነው።

ባጃጅ ይዤ ቤታቸው ከነፍኩ። በረንዳ ላይ ተቀምጠው ሬዲዮ ይሰማሉ።

«ማአሊን፣ ደብዳቤው አልደረስዎትም?»

«ደርሶኛል። ለባለቤቱ ለዴሬ ልኬለታለሁ።»

«የእርስዎ እኮ ነው!»

«የእኔ ቢሆን ላንጋሬ ይል ነበር።» ሬዲዮውን ቀነስ አደረጉት። «መጀመሪያ ለእኔ መስሎኝ ነበር። መነጽሬን አድርጌ ሁለቴ አነበብኩት። ላንጋሬ የለበትም። ተውኩት።»

ስድብ መስሎኝ ነው የተውኩት አልኳቸው። ሳቁ።

«ወርያ ተስፋዬ፣ እግሬን የሰበርከው አንተ ነህ እንዴ? ምን አሳፈረህ? በዚህ እግር አይደለም ወይ እናንተ ዘንድ የመጣሁት?»

ሽርጣቸውን ቀይረው ባጃጁ ውስጥ ገቡ። ስንደርስ መድረክ መሪው «አቶ ዩሱፍ ፋራህ!» ብሎ እየጠራ ነው። ዴሬና ዴጎሌ እኩል ተነሱ። አለቃዬ ደግሞ እኔን በዓይኑ ፈለገኝ። ማአሊን በሩ ላይ ቆመው ቀሩ፤ አሁንም የእሳቸው አልመሰላቸውም። ምን ይደረግ? በርበሬውም እናቴም ይቅር ይበሉኝ ብዬ፣ ከኋላ ሆኜ በዚያ ሁሉ ባለሥልጣን ፊት «ላንጋሬ! ዩሱፍ ፋራህ ላንጋሬ!» አልኩ።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ዴሬና ዴጎሌ ቁጭ ብለው ከሁሉ በላይ አጨበጨቡ። ዴሬማ በአጠገቡ ሳልፍ «መጀመሪያውኑ እንዲህ አትልም ነበር?» ብሎ ተቆጣኝ። ማአሊን እያነከሱ ወጡ፤ ወረቀታቸውን ተቀበሉ። ዓይኔ እንባ አቀረረ፣ አልደብቅም።

ከዚያ ማይኩን ያዙና ምስጋና ጀመሩ። ለከተማው፣ ለመምህራኑ፣ «በመጨረሻም» አሉ፣ «ቤቴ ድረስ መጥቶ ላመጣኝ ለተማሪዬ ለሳንወይኔ።»

ሳንወይኔ ባለ ትልቅ አፍንጫው ማለት ነው። ይኼ ደግሞ ማን ይሆን ብዬ ዞር ዞር አልኩ። አዳራሹ በሙሉ የሚያየው እኔን ነው። ማነው ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው የለም። አለቃዬ ሳይቀር።

ማታ ባለቤቴን ከመቼ ጀምሮ ነው አልኳት። ከተማሪነትህ ጀምሮ፣ አለች። ታዲያ እንዴት አንድ ሰው አይነግረኝም? «እናንተ ሰዎች በስም ትቀየማላችሁ ብለው እየተጠነቀቁልህ ነዋ» አለችኝ። አስቡት፤ ዕድሜ ልኬን እኔ ለእነሱ፣ እነሱ ለእኔ።

ወደ ማዕድ ቤት ገባ ስትል ቀስ ብዬ ስልኳ ላይ ደወልኩ። ጠረጴዛው ላይ በራ። «ሳንወይኔ» ይላል። ከጎኑ ቀይ ልብ አድርጋበታለች።