ሐዲድ ላይ የተሰጠ ማብራሪያ

ታሪክ አዋቂ ሰው በመኪናው ራይድ ሰጥቷችሁ ያውቃል? እግዜር ይሰውራችሁ! እኔ በኮቪድ ዘመን ግሮቭ ሲቲ ወዳለው የዕቃ መጋዘን፣ ዌርሃውስ፣ ለሥራ የተመላለስኩት በጋሼ ወርቁ አሮጌ የኤሌክትሪክ መኪና ነው። «ቻርጅ አድርገዋታል?» ብላችሁ ብትጠይቋቸው፣ መልሱ የሚጀምረው ከመጀመሪያው የኤሌክትሪክ ባቡር ነው።

አንድ ጠዋት ያቺ መኪና ባትሪ ጨርሳ ቀጥ አለች። የት? የባቡር ሐዲድ ላይ! ደወሉ ጮኸ፣ ቀዩ መብራት ብልጭ ድርግም አለ።

«ጋሼ፣ እንውረድ!» አሉ ከኋላ የተቀመጡት የሥራ ባልደረባችን እትዬ አልማዝ።

«ቆዩ፣ ነጥቡን ልጨርስ! ድሮ የከሰሉ ባቡር ዋሻ ሲገባ ጭሱ ተሳፋሪውን ያፍነው ነበር። ኋላ የኤሌክትሪኩ ባቡር ከፊት ሆኖ ጎትቶ ያወጣው ጀመር።»

«ባቡሩ መጣ እኮ!»

እኔስ ምን አደረግሁ በሉኝ? ቀበቶዬን እንኳ ሳልፈታ፣ «የከሰሉን ባቡርም ጭምር ይጎትታል?» ብዬ ጠየቅሁ!

ይኼኔ ከኋላችን የነበረ ያረጀ ፒክአፕ፣ ጥቁር ጭሱን እየተፋ፣ ገፍቶ ከሐዲዱ አወጣን። ባቡሩ እያጓራ ከጀርባችን አለፈ። ጭሱ መኪናዋን ሞላት። እትዬ አልማዝ ያለቅሳሉ፣ እኔ ገና ቀበቶዬን እፈታለሁ።

ጋሼ ወርቁ ማስካቸውን ዝቅ አድርገው፣ እያሳሉ ወደኛ ዞሩ።

«አያችሁ? ያፍናል ስላችሁ!»