የጋሽ ዘርዓብሩክ የጠመንጃ ደብተር

አራዳ ተወልዶ ያደገ ሰው ሁሉ የሚፈራው አንድ አዋቂ አለው። አዋቂው ሽማግሌ ነው፣ ሰላምታው ረጅም ነው፣ በማንም ላይ ክፉ ሠርቶ አያውቅም። የሚያስፈራው ማወቁ ብቻ ነው። አንዱ ሰፈር ማን የማን ልጅ እንደሆነ የሚያውቅ ይደርሰዋል፣ ሌላው ሰፈር የማን አጥር ስንት ክንድ ወደ ጎረቤት እንደገባ የሚያውቅ። ለእኛ ለእሪ በከንቱዎች የደረሱን ክቡር ጋሽ ዘርዓብሩክ አጽብሐ ናቸው፤ በየኮርኒሱ ውስጥ ምን ጠመንጃ እንደተኛ የሚያውቁ።

ጠመንጃ ስል የዘንድሮውን አውቶማቲክ ማለቴ አይደለም። እሱን ቢያሳዩዋቸው "ይሄ የልብስ ስፌት መኪና ነው" ብለው ፊታቸውን ያዞራሉ። የሳቸው ነገር የድሮው ነው፤ ለእያንዳንዱ ጥይት በእጅ እየተቀባበለ የሚተኮሰው፣ በጣልያን ጊዜ ዱር ለዱር የዞረው፤ ምንሽር፣ ለበን፣ ውጅግራ፣ ቤልጅግ። አርባ ዓመት ፒያሳ ሰዓት ሲጠግኑ ኖሩና ጡረታ ሲወጡ ዓይናቸው ላይ የሚሰኳትን ማጉያ መነጽር ይዘው ወጡ። አሁን በሷ የሚያዩት የጠመንጃ ቁጥር ነው።

ራሳቸው አንድም ጠመንጃ የላቸውም። የሚሰበስቡት በደብተር ነው። ለአንድ ጠመንጃ አንድ ገጽ፤ ዓይነቱ፣ የተሠራበት ዓመት፣ ቁጥሩ፣ የትኛው አካሉ እንደተቀየረ። ሰው የደበቀውን ጠመንጃ ለወንድሙም አያሳይም፣ ለጋሽ ዘርዓብሩክ ግን ያሳያል። የቱንም ያህል ቢፈራ ኦርጅናል መሆኑን ሳያውቅ መሞት አይፈልግማ።

ምርመራው ሥርዓት አለው። ባለቤቱ የአያቱን ጀግንነት መተረክ ሲጀምር እጃቸውን ያነሳሉ፤ "ወሬውን ተወውና ቁጥሩን አሳየኝ!" የጠመንጃው አካል ላይ ያለው ቁጥርና ማቀባበያው ላይ ያለው ቁጥር አንድ ከሆነ ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ። ካልሆነ ደግሞ ወዮለት። "ይሄ ጠመንጃ አይደለም፣ ዕድር ነው። ሁሉም ከየቤቱ አዋጥቶበታል" ይሉታል። አንድ ቤት ሰደፉን ቫርኒሽ የቀባ ሰው አጋጥሟቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው ውሃ ጠየቁ። የሰውዬው ሚስት ሐኪም ልትጠራ ነበር።

እውነት ከተናገሩ ቦታ አይመርጡም። አምና የጎረቤታችን የኃይለማርያም አባት አርፈው ለቅሶ ተቀምጠናል። ድንኳኑ ውስጥ የአያቱ ፎቶ ተሰቅሏል፤ ጎፈሬያቸውን አበጥረው፣ ጠመንጃ ይዘው፣ ተኮሳትረው። ኃይለማርያም እንባውን እየጠረገ "ይቺን ምንሽር አያቴ ከጣልያን እጅ ነው የነጠቋት" ሲል ለቀስተኛው አብሮት አለቀሰ። ጋሽ ዘርዓብሩክ ተነሱ። ነጠላቸውን ያዝኩ፣ አመለጡኝ። ማጉያቸውን ሰክተው አፍንጫቸውን ፎቶው ላይ ለጠፉ።

"የፎቶ ቤቱ ነው" አሉ።

ኃይለማርያም መሀረቡን ከዓይኑ አወረደ።

"ይሄ ጠመንጃ የፎቶ ቤቱ ንብረት ነው። ስድስት ሰው ይዞት ሲነሳ መዝግቤያለሁ። ማነገቻው ላይ ያለችው ቋጠሮ ያቻትና!" ከዚያ "ነፍስ ይማር" ብለው ተቀመጡና ንፍሯቸውን ቀጠሉ። ኃይለማርያም ሁለት ወር ሰላምታ ከለከላቸው። እሳቸው ግን መኮረፉን እንኳን አላወቁም።

እኔ ለምን እንደምፈራቸው ልናገር። አባቴ አማኑ የዛሬ ሦስት ዓመት ሲሞት ኮርኒስ ውስጥ በጆንያ የተጠቀለለ ጠመንጃ ትቶልን ሄደ። ፈቃድ የሚባል ነገር የለውም። እናቴ ወይዘሮ ሙሉነሽ "የአያትሽ ምንሽር ነው" አለችኝና፣ ከሁሉ ሰው መርጣ ጋሽ ዘርዓብሩክን ጠራች። ጆንያውን ገና ገለጥ እንዳደረጉ "ምንሽር? ማነው ምንሽር ያለው? ቤልጅግ ነው እንጂ!" ብለው ጮኹ። በሩን ዘጋሁ፣ መስኮቱን ዘጋሁ፣ ሬዲዮ ከፈትኩ። ቁጥሮቹ ተጋጠሙላቸው። ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ጠመንጃውን አቅፈው ቆዩ፣ በመጨረሻም "አሥራ ሰባተኛ" ብለው ደብተራቸው ላይ ጻፉን።

ለምን አላስመዘገብሽም የሚለኝ ይኖራል። ፈርቼ ነው። "እስከ ዛሬ የት ነበር?" ብለው ቢጠይቁኝ ምን እመልሳለሁ? እንዲህ እያልኩ አንድ ዓመት አለፈ። ሁለት ዓመት የተደበቀ ደግሞ አንድ ዓመት ከተደበቀው የባሰ ያስፈራል። ሌሊት ድመት ጣሪያ ላይ ስትሮጥ ሊወስዱኝ የመጡ ይመስለኛል።

ታዲያ አንድ ጠዋት ከቴዎድሮስ አደባባይ ታክሲ ተሳፍሬ ከኋላ ወንበር የማውቀው ድምጽ መጣ። "ናዝራዊት! ያ የአባትሽ ብረት ዘይት ይጠጣል?"

ታክሲው በሙሉ ዞሮ አየኝ። ማንም ሳይጠይቀኝ "መኪናውን ነው" አልኩ።

"ኧረ የምን መኪና—"

"ወራጅ አለ!" ብዬ ከመሥሪያ ቤቴ ሁለት ፌርማታ ቀድሜ ዱብ አልኩ።

በዚህ መሀል ሰፈራችን ለልማት እንደሚፈርስ ተነገረን። ሰኞ ለኪዎች እንደሚመጡ፣ ቤቱ ከወለል እስከ ኮርኒስ እንደሚታይ ሰማን። በዚያው ሳምንት ሐሙስ ከምሳ በኋላ ቢሮ ተቀምጬ ኑሪ ደወለ። ኑሪ ጋሽ ዘርዓብሩክ ማኪያቶ የሚጠጡበት ካፌ ባለቤት ነው። ደብተሩ ውስጥ እስከ ዛሬ ከተመዘገቡት አርባ አንድ ጠመንጃዎች አንዱ የሱ ቤት ነው።

"ናዚ፣ ሽማግሌው ደብተሩን ረስተውት ሄዱ" አለኝ በሹክሹክታ።

"ታዲያ አንሳዋ!"

"በምን እጄ? ጠረጴዛው ላይ ሁለት ፖሊሶች ሻይ ይዘዋል። አንደኛው ክንዱን አሳርፎባታል። እኔ እንደሆንኩ ሁለት ብርጭቆ ሰብሬያለሁ። የሳቸውም ስልክ ዝግ ነው። ድረሺ!"

የቸርችልን ዳገት እንዴት እንደወጣሁት አላውቅም። በዓይኔ ላይ የሚመጣው የፖሊስ ጣቢያው ግቢ ነው፤ አርባ አንድ ቤተሰብ ተሰልፎ፣ እናቴ ከፊት ቆማ፣ ጋሽ ዘርዓብሩክ በጎን ሆነው የእያንዳንዱን ቁጥር እያረሙ። ካፌው ስደርስ ደብተሩ እንዳለ ነው። ፖሊሶቹም እንዳሉ ናቸው።

"ይቅርታ፣ ያቺ ደብተር የኔ ናት" አልኩ። 

ወጣቱ ፖሊስ አነሳት። ሊሰጠኝ እጁን ዘረጋና ሐሳቡን ቀይሮ መሀሏን ገለጠ። "ምንድነው ይሄ ሁሉ ቁጥር?"

"የሰዓት ነው። የሰዓት ጥገና።"

"ሰዓት ይጠግናሉ እንዴ?"

"አባቴ።" አባቴ በሕይወቱ ሰዓት አስሮ አያውቅም።

ገጹን ወደ ዓይኑ አስጠጋ፣ ከዚያ አራቀው። የጋሽ ዘርዓብሩክ ጽሕፈት የሰዓት ሠሪ ጽሕፈት ነው፤ ፊደሉ ከጉንዳን ያንሳል።  "ይሄ ዓይን ያጠፋል እህቴ" አለና ሰጠኝ። ባንኮኒው ጀርባ የኑሪ ሦስተኛ ብርጭቆ ተሰበረ።

በቀጥታ ወደ ቤት ሮጥኩ፤ ላቃጥላት። እማዬ ከሰል ላይ ሽሮ ጥዳለች። ካፌ የሆነውን ነገርኳትና ድስቱን አውርጂልኝ አልኳት። ግን እሳት ውስጥ ከመጣሌ በፊት ስለ እኛ ምን እንደጻፉ ለማየት ጓጓሁ። የስልኬን ካሜራ አጉልቼ ገጽ አሥራ ሰባትን አነበብኩ። "ቤልጅግ። ቁጥሩ የተጋጠመ። ሰደፉ ላይ በስተግራ ሦስት ጭረት። ባለቤት፦ ዘርዓብሩክ አጽብሐ። የሚገኝበት፦ ዘርዓብሩክ አጽብሐ ቤት፣ አልጋ ሥር።"

"ሌባ!" ብዬ ጮኽኩ። "እማዬ፣ የአባዬን ጠመንጃ በስማቸው አዙረውታል!"

ሌላ ገጽ ገለጥኩ። የኑሪ ቤቱ ለበን፤ ባለቤት ዘርዓብሩክ አጽብሐ። የቫርኒሹ ጠመንጃ፤ ባለቤት ዘርዓብሩክ አጽብሐ። እስከ መጨረሻው ድረስ የሌላ ሰው ስም የለም። "የሰፈሩን ሁሉ ነው የወሰዱት! ሰው እንዴት እንዲህ ይስገበገባል?"

እማዬ ማማሰያዋን አስቀመጠች። "ዛሬ ፖሊሱ አንብቦት ቢሆን ኖሮ ማንን ይዞ ይሄድ ነበር?" አለችኝ።

 አርባ አንዱን ገጽ ከመጀመሪያው እንደገና ገለጥኩ። ፊቴ በሀፍረት ጋለ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ በሩ ተንኳኳ። ጋሽ ዘርዓብሩክ ናቸው፤ ባርኔጣ የለ፣ ከዘራ የለ፣ ከንፈራቸው አመድ መስሏል። ኑሪ ነግሯቸዋል። "ሰው አየው?" አሉኝ ገና ከደጅ።

"ፖሊስ ገልጦት ነበር። አልተነበበለትም።"

ወንበሩ ላይ ዝርፍጥ አሉ።

"ጋሼ፣ ለምንድነው ሁሉንም በስምዎ የጻፉት?"

"ባለቤት የሚል መስመር አለው። ባዶ ሲተው ያስጠላል።"

"ጋሼ!"

 "በደርግ ጊዜ፣ አሰሳ የመጣ ቀን፣ ታናሽ ወንድሜ ኪስ ውስጥ ወረቀት ተገኘ" አሉ። "የጓደኞቹ ስም ነው። ሰባት ስም። እሱም እነሱም አልተመለሱም። ከዚያ ወዲህ የሰው ስም መጻፍ እፈራለሁ፣ ልጄ። ቁጥር ግን አልፈራም።"

"ታዲያ ደብተሩን ለምን አይተዉትም?"

"ሰፈሩ ይፈርሳላ! ገሚሱ ወንዝ ይጥለዋል፣ ገሚሱ ቆራርጦ ለቁራሌው ይሰጠዋል። እንደነበሩ የሚያውቅ አንድ ሰው ይኑር ብዬ ነው።"

ጀግና ሆኜ አይደለም፣ አፍሬ ነው፤ ደብተሩን መለስኩላቸውና "ነገ ጠዋት ጠመንጃውን ጣቢያ እወስደዋለሁ" አልኩ። እሳቸው ቶሎ ብለው "እኔም እመጣለሁ" አሉ። ያኔ ከጠመንጃው የበለጠ የሳቸው መምጣት አስፈራኝ።

ዓርብ ጠዋት ቤልጅጉን በአሮጌ ምንጣፍ ጠቅልለን በኮንትራት ታክሲ ሄድን። ጋሽ ዘርዓብሩክ ደብተሩን ቤት ተዉት ብላቸው እምቢ ብለው ኮታቸው ኪስ ውስጥ ከተውታል። ተረኛው መኮንን ምንጣፉን ፈቶ አየና የጠበቅሁትን ጠየቀኝ።

"እስከ ዛሬ የት ነበር?"

"ኮርኒስ ውስጥ። አባቴ ነው ያስቀመጠው። እኔ ደግሞ ፈራሁ።"

"የሚመጣው ሁሉ ፈርቶ ነው የሚመጣው" አለና ቅጹን ሳበ። "ባለቤት?"

ጋሽ ዘርዓብሩክ አፋቸውን ሲከፍቱ አየሁ። "እኔ ነኝ፣ ናዝራዊት አማኑ!" ብዬ ቀደምኳቸው።

መኮንኑ ጻፈ። ጠመንጃውን አንድ ጊዜ ገልበጥ አድርጎ አየና ለራሱ እያነበበ "ዓይነት... ምንሽር" ብሎ ጻፈ።

ዓይኔን ጨፈንኩ። አሁን "ማነው ምንሽር ያለው?" ይላሉ። ከዚያ መኮንኑ እንዴት አወቁ ይላቸዋል፣ ከዚያ ደብተሩ ከኪሳቸው ይወጣል፣ አርባ አንዱም በስማቸው ነው።  ዓይኔን ስገልጥ የጋሽ ዘርዓብሩክ አገጭ ይንቀጠቀጣል፣ እጃቸው የጠረጴዛውን ጠርዝ ጨብጧል። መኮንኑም አያቸው።

"አባቴ፣ የሚሉት ነገር አለ? የሚያውቁ ይመስላሉ።"

"እኔ?" አሉ።  "እኔ እንኳን ስለ ጠመንጃ ምንም አላውቅም።"

የርክክብ ወረቀታችንን ተቀብለን ወጣን። ከግቢው እንደወጡ ድንጋይ ላይ ተቀመጡና በመዳፋቸው ዓይናቸውን ጠረጉ። "ያንን የመሰለ ቁጥሩ የተጋጠመ ብረት!" አሉ። "ምንሽር አለው፣ ናዝራዊት። ጆሮዬ እየሰማ ምንሽር አለው።" ክንዳቸውን ይዤ እስከ ቤታቸው አደረስኳቸው። በመንገድ ላይ አንድም ሰው አላረሙም።

ለኪዎቹ ሰኞ መጥተው ሄዱ። እኛ እዚሁ አካባቢ ምትክ ቤት እናገኛለን ተብለናል። ጋሽ ዘርዓብሩክ ግን ከከተማው ጫፍ፣ ገና ቀለሙ ያልደረቀ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ክፍል ደርሷቸዋል። ሄጄ አየሁት። ጎረቤቶቹ ሁሉ ከየቦታው የመጡ ወጣቶች ናቸው፣ ኮርኒሱም ምንም የማይደበቅበት ሲሚንቶ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። እዚያ ማን አለና ይፈራቸዋል?