የስዊቹ ጠበቃ

የመኪና መስታወት አልወርድ ባለ ቀን ሁሉም ሰው ዳኛ ነው። አላፊ አግዳሚው ጎንበስ ብሎ የመስታወቱ ሞተር ላይ ወይ ፊውዙ ላይ ይፈርዳል። ግን በየሰፈሩ ማስረጃ ሳያዩ የማይፈርዱ አንድ ኤሌክትሪሺያን አይጠፉም። የእኛን ሰፈር «ጋሼ ጠበቃ» እንላቸዋለን።

ክቡር ጋሼ ጠበቃ ዕቃ ሲታማ አይወዱም። አንድ ባለታክሲ «ሞተሩ ተቃጥሏል፣ ይቀየርልኝ» ብሎ ሲመጣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው «ሞተሩ ምን በደለ?» አሉት። ከዚያ ስዊቹን ተጭነው፣ መስታወቱን ትተው የጣሪያውን መብራት ማየት ጀመሩ። መብራቱ ደብዘዝ አለ። ሞተሩ ኃይል ያገኛል ማለት ነው፤ የያዘው ሌላ ነገር ነው። ባለታክሲው መስታወቱ ከሚሄድበት ቦይ የወጣ የእስክሪብቶ ክዳን ይዞ አፍሮ ተመለሰ።

የእኔ ተከሳሽ የመኪናዬ የኋላ ግራ በር ስዊች ነበር። ታናሽ ወንድሜ ሻይ ደፋበት፣ በማግስቱ መስታወቱ አልንቀሳቀስ አለ። ክፉኛ ተናገርኩት። የነካኸው ነገር አይተርፍም አልኩት። ከዚያ ወዲህ ሦስት ሳምንት ተኳርፈናል።

ጋሼ ጠበቃ ክሴንም ከወንድሜ ጋር መኳረፋችንንም ሰምተው ስዊቹን ሲጫኑት መብራቱ ንቅንቅ አላለም። ኤሌክትሪኩ ሞተሩ ጋ አልደረሰም። በቃ ስዊቹ ነው አልኩ። ገላመጡኝና የበሩን ሽፋን ፈትተው ስዊቹን ነቅለው የቀኙ በር ላይ ሰኩት። የቀኙ መስታወት ሽር ብሎ ወረደ። ሻይ የጠጣው ስዊች!

ቀጥለው የመፈተሻ አምፖላቸውን ወደ ስዊቹ በሚመጣው ሽቦ ላይ አገናኝተው የግራውን በር ቀስ እያሉ ከፈቱ፣ ዘጉ። አምፖሉ በሩ ሲዘጋ ይጠፋል፣ ገርበብ ሲል ይበራል። ማጠፊያው ጋ ያለችውን የጎማ ቱቦ ገልጠው ውስጡ የተበጠሰ ሽቦ አሳዩኝ። በሩ በኃይል ሲዘጋ የኖረ ነው አሉ። ማን እንደሚዘጋው አልጠየቁኝም። ጠዋት ጠዋት ቦርሳዬን የኋላ ወንበር ላይ ወርውሬ በሩን ድው አድርጌ የምዘጋው እኔ ነኝ።

ሽቦውን ቀጠሉት፣ መስታወቱም ወረደ። የበሩን ሽፋን ግን አልመልስም አሉ።

«ስዊቹ ነጻ ወጥቷል። ለወንድምህስ ማን ይንገረው?»

«ማታ እደውልለታለሁ፣ ጋሼ።»

«ብሎኖቹ እኔ ጋ ናቸው» ብለው በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ።

ደወልኩ። ወንድሜ አነሳው።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አልኩት። «ያለ ጥፋትህ ነው የተናገርኩህ።»

የት እንዳለሁ ጠየቀኝ፤ ጋራዡን ነገርኩት።

«ጠብቀኝ፣ መጣሁ» አለ።

ጋሼ ጠበቃ ተነስተው ብሎኖቹን ማሰር ጀመሩ። እኔ ያንን ቅባት የለበሰ እጃቸውን ልስም ምንም አልቀረኝም።