ያለ ፈቃድ ይወርድ የነበረው ፏፏቴ

በሰሜን አልባኒያ ተራሮች መካከል ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ፣ ያለ ዕቅድ፣ ያለ በጀትና ያለ ማንም ፈቃድ ከገደል የሚወረወር ፏፏቴ ነበረ። ከብት ይጠጣበታል፣ ሙሽሮች ፎቶ ይነሱበታል፤ እንዴት መውረድ እንዳለበት ግን አንድም ቀን የነገረው ባለሥልጣን አልነበረም። ይህ ሥርዓት አልበኝነት ያበቃው አቶ ፓሽክ የቱሪዝም ልማትና የተፈጥሮ መስህቦች ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ሆነው የተሾሙ ዕለት ነው።

አቶ ፓሽክ አርቀው የሚያስቡ ሰው ናቸው። ፏፏቴ ቆሞ ማየት ማንም የሚችለው ነገር ነው፤ እየዋኙ ማየት ግን ልማት ነው ብለው ከገደሉ ማዶ መዋኛ ገንዳ አሠሩ። ከንቲባው ሪባን ቆርጠው መረቁት፤ ስማቸውም በገንዳው ወለል ላይ በሰማያዊ ሸክላ ተጻፈ። ውሃው ከገደሉ አናት በቧንቧ መጣ። ገንዳው ትንሽ ያፈስ ስለነበር የወንዙ ውሃ በሙሉ መጣ። ሳምንት ሳይሞላ ጎብኚው እየዋኘ የሚያየው ነገር የደረቀ ድንጋይ ብቻ ሆነ። አቶ ፓሽክ ግን በዚህ የሚበረግጉ ሰው አልነበሩም፤ እንዲያውም ከገደሉ ሥር ሰፊ ቦታ በመገኘቱ ተደስተው የሲሚንቶ ሰገነት አቆሙበት።

የቀረው የልማት እንቅፋት ሕዝቡ ነበር። ወደ ፏፏቴው በሚወስደው መንገድ ዳር ያሉ ቤቶች አላፊ አግዳሚውን እየጎተቱ ማብላት የቆየ ልማዳቸው ነው። ባለፈው ጸደይ ሁለት ጀርመኖች ፏፏቴውን ለማየት ጠዋት ተነሥተው ሦስተኛው ቤት ላይ ቀሩ፤ ከዚያ በበቅሎ ተጭነው ወረዱ። አንደኛው ፏፏቴ ሳያይ የክርስትና ልጅ አግኝቶ ወደ አገሩ ገባ። አቶ ፓሽክ በዚህ ተቆጥተው በየበሩ ማስታወቂያ አስለጠፉ፦ «ጎብኚ እንግዳ አይደለም።» የመጀመሪያው ማስታወቂያ የተለጠፈው በመንገዱ የመጀመሪያ ቤት በር ላይ ነበር። ቤቱ የአማታቸው የእማማ ድራኔ ነው። እማማ ድራኔ ከዚያን ቀን ጀምሮ አማቻቸውን በዐይናቸውም ማየት አቆሙ።

እንዲህ እያለ ከዋና ከተማው ከቲራና ስልክ ተደወለ። አቶ አግሮን የሚባሉ ተቆጣጣሪ ሐሙስ መጥተው ፏፏቴውን ያያሉ። ከወደዱት በብሔራዊ መስህብነት ይመዘገባል፤ ካልወደዱት ጽሕፈት ቤቱ ይዘጋል። መዘጋት ምን ማለት እንደሆነ ለአቶ ፓሽክ የሚነግራቸው አያስፈልግም። የሚስታቸው ወንድም ዜፍ ጎሚስታ ነው። ገና በሹመቱ ማግስት፣ የተሻሩ ዕለት አብረውት ጎማ እንዲጠግኑ ብሎ፣ ሰማያዊ የሥራ ቱታ አሰፍቶ በእናቱ ቤት ከበሩ ጀርባ ሚስማር ላይ ሰቅሎላቸዋል። እሑድ እሑድ ሲገናኙ «በዐይኔ ለክቼ ነው ያሰፋሁልህ» ይላቸዋል። አቶ ፓሽክ ያንን ቱታ ከሞት ይልቅ ይፈሩት ነበር።

ወደ ከንቲባው ሮጡ።

«ክቡር ከንቲባ፣ ለአንድ ቀን ብቻ ቧንቧውን ብንዘጋውስ?»

«ገንዳው ይደርቃላ!»

«ይደርቃል፤ ግን እኮ ፏፏቴው...»

«ፏፏቴው ላይ ስሜ አለ?»

«የለም።»

«እንግዲያስ ምን ያስጨንቅሃል?»

ይህን የመሰለ አመራር ያላት ከተማ መቼም አትወድቅም። አቶ ፓሽክ ግን ለክፉም ለደጉም ብለው ሌላ ዘዴ ፈጠሩ። የድሮውን ፏፏቴ ፎቶ ገደሉን በሚያክል ሸራ ላይ አሳተሙ፤ የከንቲባው ፎቶም በጥጉ ገባ። ሸራው ገደሉ ላይ ይሰቀላል፤ ተቆጣጣሪው እስኪመሽ ድረስ እየበሉ ይቆያሉ፤ ጀምበር ስታዘቀዝቅ ከሩቅ ያዩታል። ሸራ ደግሞ ከውሃ ይሻላል፤ ማንንም አያረጥብም።

የቀረው የሚያበላ ሰው መፈለግ ነበር።

«እማማ፣ ሐሙስ አንድ ሰው ይመጣልኛል። ጠብሰቅ አድርገው ያብሉልኝ።»

«ምንድን ነው ሰውየው?» አሉ ድራኔ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ።

«ያው... ጎብኚ ነገር ነው።»

«ጎብኚ እንግዳ አይደለም። ደጃፌ ላይ ለጥፈህብኛል፤ እኔ ደግሞ ሕግ አክባሪ ነኝ።»

«እማማ፣ የሥራዬ ጉዳይ እኮ ነው!»

«ሥራ ከፈለግህ ቱታው እዚያ አለልህ።»

አቶ ፓሽክ ግን የዚያው አገር ልጅ ናቸው። የተቀየመ ሰው እንግዳ አለመጥራት ይችላል፤ ራሱ ከበር ላይ የተጣራን ግን፣ የአባት ገዳይ እንኳ ቢሆን፣ መመለስ አይችልም። ስለዚህ ሐሙስ ዕለት አቶ አግሮን ከመኪናቸው ሲወርዱ በክብር ተቀበሏቸው።

«ክቡርነትዎ፣ በአካባቢያችን አሠራር መሠረት የፏፏቴው ጉብኝት የሚጀመረው ከዚህ በር ላይ በመጣራት ነው።»

«ምን ብዬ ነው የምጣራው?»

«የቤቱ ባለቤት ሆይ፣ እንግዳ ትቀበላላችሁ ወይ፣ ይበሉ። ጮክ ብለው።»

ተቆጣጣሪው ጮኹ። ድራኔ ወጡ፤ አማቻቸውን በግልምጫ ከላይ እስከ ታች አዩና ወደ እንግዳው ዞረው፣ «እንኳን ደህና መጣህ ልጄ። ዳቦ፣ ጨውና ልባችን ያንተ ነው» አሉ።

ከዚያ በኋላ የሆነው የአቶ ፓሽክን ብልኅነት ይመሰክራል። አይብ መጣ፤ የበቆሎ ዳቦ መጣ፤ የበግ ጥብስ መጣ፤ ማርና ራኪ የሚሉት አረቄ መጣ። ተቆጣጣሪው «በቃኝ» ባሉ ቁጥር ሳህናቸው ይሞላል። ጀምበር ማዘቅዘቅ ስትጀምር አቶ ፓሽክ ቀስ ብለው ሹልክ አሉና ሸራቸውን ሊሰቅሉ ወደ ገደሉ ሄዱ።

እሳቸው ከወጡ በኋላ የሆነውን ሚስታቸው በኋላ በሳቅ እየተንፈራፈረች ነግራቸዋለች። ድራኔ እንግዳውን፣ «ምን ጎደለህ ልጄ? ልብህ ያማረውን ንገረኝ» ይሏቸዋል።

«ምንም አልጎደለኝም እማማ። ብቻ ፏፏቴውን ለማየት መጥቼ ሳላይ መሸብኝ።»

እንግዳ ያማረውን ሳያገኝ ከዚያ ቤት ወጥቶ አያውቅም።

«ዜፍ!» አሉ ድራኔ። «ፏፏቴያችን የት ነው ያለው?»

«የከንቲባው ገንዳ ውስጥ።»

«ሂድና አምጣው። እንግዳ አናስጠብቅም።»

ዜፍ የጎማ መፍቻውን ይዞ ወደ ቧንቧው ሽቅብ ወጣ።

አቶ ፓሽክ በዚያች ሰዓት ሰገነታቸው ላይ ቆመው የሸራውን የመጨረሻ ገመድ እያሰሩ ነበር። ከላይ የሚያጉረመርም ነገር ሰሙ። ዝናብ ሊመጣ ነው ብለው ቀና አሉ። ሰገነቱ የቆመው ፏፏቴው ድሮ ያርፍበት በነበረው ቦታ ላይ ልክ እንደሆነ የገባቸው ያን ጊዜ ነው። ውሃው ሸራውን ከነከንቲባው ገንጥሎ ወሰደ፤ አቶ ፓሽክንም ወደ ታች አስከትሎ ወረደ። ከእማማ ድራኔ ጓሮ ጭብጨባ ተሰማ።

መሸትሸት ሲል አንድ የራሰ ሰው ጥርሱ እየተንገጫገጨ ከድራኔ በር ላይ ቆመ።

«የቤ... የቤቱ ባለቤት ሆይ!»

ድራኔ በሩን ገርበብ አደረጉት። «ጎብኚ ነህ ወይስ እንግዳ?»

«እንግዳ ነኝ እማማ! እንግዳ ነኝ!»

«እንዲያ ከሆነ ግባ።»

አቶ አግሮን ማር የነካ ጣታቸውን እየላሱ ብድግ አሉ። «እንኳን ደስ ያለዎት! እንዲህ ያለ ፏፏቴ በዕድሜዬ አላየሁም። ከዛሬ ጀምሮ ብሔራዊ መስህብ ነው።»

አቶ ፓሽክ ብርዱን ረስተው ፈገግ አሉ። «እንግዲህ ልማቱን እንቀጥላለን ማለት ነው?»

«ኧረ በፍጹም! በሕጉ መሠረት የተመዘገበ መስህብ አይነካም። ገንዳውም ሰገነቱም ይፈርሳል፤ ጽሕፈት ቤቱም ሥራውን በስኬት ስላጠናቀቀ ይዘጋል።»

ድራኔ የሚንቀጠቀጠውን እንግዳቸውን አዩት። እንግዳ በእሳቸው ቤት በርዶት አያድርም። በቤቱ የነበረው ደረቅ የወንድ ልብስ ደግሞ አንድ ብቻ ነው። ከበሩ ጀርባ ከሚስማሩ አውርደው ሰጡት፤ ፓሽክም ለበሰው። ልክ ሆነው።