የመከታ የሥራ ዕድገት

በዚያ የበግ ማርቢያ ጣቢያ የሥልጣኔ ብርሃን የፈነጠቀው ሥራ አስኪያጁ ከአጭር ሥልጠና የተመለሱ ሰሞን ነው። ይዘውት የመጡት እውቀት ባጭሩ ይኸው ነበር፤ ውሻ አይመታም፣ አይቆጡትም፣ "ተው!" አይባልም። ጥፋቱ እንዳልታየ ይታለፋል፤ በጎ ሥራው ግን እዚያው በዚያው በሙገሳና በቁራጭ ሥጋ ይበረታታል። ይህ ታላቅ ዘዴ በተግባር ይመሰከር ዘንድ መከታ የተባለ የእረኛ ውሻ ቡችላ ተገዛ። ዋናው አለቃ ሊጎበኙ ሲመጡ መከታ ብቃቱን ካሳየ፣ ሥራ አስኪያጁ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት እንደሚዛወሩ ይወራ ነበር። የበግ ጠረን ከኮታቸው አልለቅ ብሎ ላስመረራቸው ሰው ደግሞ ይህ የሞት የሽረት ጉዳይ ነው።

ሥልጠናው በቢሯቸው ተጀመረ።

"ጋሼ፣ ቡችላው ጫማዎን እየበላው ነው እኮ!" አለች የጣቢያው ምግብ አብሳይ፣ የሥጋውን ሳህን እንደያዘች።

"ዝም በይ፣ ቅስሙን ትሰብሪበታለሽ። ሲተወው እናሞግሰዋለን።"

"እስኪጨርሰው ባይተወውስ?"

"ሲጨርሰው ይተወዋል።"

እውነትም ሲጨርሰው ተወው። ሥራ አስኪያጁ አንድ እግራቸው በካልሲ ብቻ ቀርቶ "ጎበዝ! የኔ አንበሳ!" እያሉ አሻሹት፤ ሥጋውንም አጎረሱት።

መከታ እንዲህ በክብካቤ አደገ። አንድ ቀን ከመንጋው ተነጥላ የወጣች በግ ተከትሎ መለሰ። ሥራ አስኪያጁ የሥጋውን ሳህን እንዳለ ገለበጡለት። በማግስቱ ግን የወጣ በግ አልነበረም። የወጣ ከሌለ የሚመለስ የለም፤ የሚመለስ ከሌለም ሥጋ የለም። መከታ ጉዳዩን ጋደም ብሎ ሲያጤነው ዋለ። ከዚያ ተነሥቶ የጋጣውን መወርወሪያ በአፉ ሳበ፣ በጎቹን እየጮኸ በተነ፣ መልሶም አንድ በአንድ ሰበሰባቸው።

"ጋሼ፣ ራሱ እኮ ነው ያስወጣቸው!"

"በዘዴው መሠረት የምናየው መመለሱን ብቻ ነው" አሉ ቆፍጠን ብለው።

"እኔ ግን ሲያስወጣም አየሁት።"

"አንቺ ሥልጠናውን አልወሰድሽማ።"

ምክትላቸውም "በጎችን የመመለስ አፈጻጸማችን ከጊዜ ወደ ጊዜ እየጎለበተ መጥቷል" ሲሉ ለዋናው መሥሪያ ቤት በስልክ አበሰሩ።

አለቃው የመጡ ዕለት መከታ ከራሱ በለጠ። ለእንግዳው ክብር ሲል መንጋውን በሙሉ ከጣቢያው ፊት ባለው አስፋልት ላይ አፈሰሰው። መኪና በመኪና ላይ ተደረደረ፤ ሾፌሮች አፋቸው እንዳመጣላቸው ተሳደቡ። ሥራ አስኪያጁ "አለቀልኝ" ብለው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሲገልጡ በጎቹ ተመልሰዋል፤ መከታም በአለቃው እግር ሥር ቁጭ ብሎ አፉን ይልሳል።

"ማነው ያስወጣቸው?" አሉ አለቃው።

"እ... እሱው ነው፣ ክቡርነትዎ።"

"የመለሳቸውስ?"

"እሱው።"

አለቃው ጎንበስ ብለው መከታን ከራሱ እስከ ጅራቱ አዩት። ከዚያ ፊታቸው በራ።

"ችግሩን ራሱ ይፈጥራል፣ ራሱ ይፈታል፣ ምስጋናውን ራሱ ይበላል! እኛ ይህን ለመልመድ ስንት ዘመን ፈጀብን! እንዲህ ያለ ችሎታ እዚህ መባከን የለበትም፤ ዛሬውኑ ከእኔ ጋር ይሄዳል።"

ሥራ አስኪያጁ ስለ እሳቸው የተባለ መስሏቸው ኮታቸውን ቆልፈው ወደ መኪናው ተራመዱ። አለቃው የኋላውን በር ከፈቱ፤ መከታ ዘሎ ገባ፤ በሩ ተዘጋ። "በርቱ" ያላቸው እንኳ አልነበረም። ያን ቀን ምሳም እራትም አልበሉም።

በማግስቱ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ግራ ቀኝ አይተው የጋጣውን በር ወለል አድርገው ከፈቱት። በጎቹን "ሽ! ሽ!" እያሉ እስከ አስፋልቱ ድረስ ሸኟቸው። ከዚያ ላብ በላብ ሆነው ያሳድዷቸው ጀመር፤ አንዷን እንኳ ገና ሳይዙ ስልካቸውን አውጥተው ለአለቃው ደወሉ።

"ክቡርነትዎ፣ እየመለስኳቸው ነው!"